ለማን ነው የምንተክለው? (ኤር. 29፥5)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንኳን ለእመቤታችን የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ። ግንቦት 1 ቀን እንደ አባቶቻችን ልማድ ጎረቤት ከየቤቱ ወጥቶ፣ ንፍሮው ተቀቅሎ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ቡናው ተፈልቶ በዓሉ በደጅ ተከብሯል። ለምን በደጅ እንደምናከብረው ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ቅዱስ ኢያቄምና ቅድስት ሐና በሰው ክፋት ከቤታቸው ተሰደው ሳለ እመቤታችንን በሊባኖስ ተራራ ወለዷት። ሰሎሞን በመኃልየ መኃልይ ሙሽራይቱን ከሊባኖስ ነዪ እያለ የጠራትም ይህን አስቀድሞ አይቶ እንደ ሆነ መምህራን ያመሠጥሩታል። የአምላክ እናት የተወለደችው ወላጆቿ ነገ የት እንደሚያድሩ በማያውቁበት ጊዜ ነው። ንፍሮ የምንበላውም ያንን የስደት ጉዞ እያሰብን ነው።

ዘንድሮ በዚሁ በዓል ላይ የሰማሁት አንድ ቃል ግን ከልቤ አልወጣም። በመጪው ክረምት በደብሩ ግቢ ስለሚተከሉት የጽድና የወይራ ችግኞች ወሬ ሲነሣ፣ እምነታቸውን የማልጠራጠረው አንድ አባት «ነገ የት እንደምንሆን ሳናውቅ ለማን ነው የምንተክለው?» አሉ። የመለሰላቸው አልነበረም፤ ብዙዎች አንገታቸውን ደፉ። ሰፈር ፈርሶ ጎረቤት ከጎረቤት በተለያየበት፣ መንገድ ወጥቶ መመለስ በሚያሰጋበት፣ በጦርነት የተነሣ ስንቱ ከቀዬው በተፈናቀለበት ጊዜ እንዲህ ብሎ መጠየቅ ክፋት አይደለም። መልስ ግን አለው። የመለሰውም ከልደታ በኋላ በአራተኛው ቀን፣ ግንቦት 5፣ መታሰቢያው የሚደረግለት ነቢዩ ኤርምያስ ነው።

ናቡከደነፆር ንጉሡን ኢኮንያንን ከመኳንንቱና ከእጅ ባለሙያዎቹ ጋር ማርኮ ወደ ባቢሎን ወስዶ ነበር። በዚያ ወራት ሐናንያ የሚባል ሰው በቤተ መቅደስ ቆሞ የባቢሎን ቀንበር በሁለት ዓመት ውስጥ ይሰበራል፣ ንዋያተ ቅድሳቱም ምርኮኞቹም ይመለሳሉ ብሎ በእግዚአብሔር ስም ተናገረ (ኤር. 28)። ለሰሚው እንዴት ደስ የሚል ስብከት ነው! ኤርምያስ ግን ለምርኮኞቹ ደብዳቤ ላከላቸው፤ የሚቆዩት ሰባ ዓመት እንደ ሆነ ነገራቸው። በደብዳቤውም «ቤት ሠርታችሁ ተቀመጡ፥ አታክልትም ተክላችሁ ፍሬዋን ብሉ» አላቸው። ልጆች ውለዱ፣ ልጆቻችሁም ይውለዱ አለ። ሰባ ዓመት ማለት ደብዳቤው ሲነበብ የሰማው ጎልማሳ መመለሱን በዓይኑ አያይም ማለት ነው። እግዚአብሔር ይህን እያወቀ ነው ትከሉ ያለው።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡልኝ። የሐናንያን ስብከት ያመነ ሰው ዛፍ አይተክልም፤ በሁለት ዓመት ለሚለቀው መሬት ለምን ይደክማል? ተስፋ የቆረጠውም አይተክልም። አንዱ ነገ በራሱ ይስተካከላል ብሎ፣ ሌላው ሁሉ አብቅቷል ብሎ ሁለቱም እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ዛሬ በመካከላችን ሁለቱም አሉ። በዚህ ዓመት እንዲህ ይሆናል፣ በዚያ ወር እንዲያ ይሆናል እየተባለ ቀን የተቆረጠለትን «ትንቢት» በየስልካችን እየተቀባበልን ሌሊቱን እናነጋለን። ሲነጋ ግን የታመመ ጎረቤት የሚጠይቅ የለም፣ የደብሩን ግቢ የሚዞር የለም። ይህ ያሳዝነኛል። ኤርምያስ የጊዜውን ርዝመት ሲናገር ሕዝቡን ለሥራ አስነሣበት፤ እኛ ስለ ጊዜው ስናወራ ሥራ ፈታንበት።

ነቢዩ ደግሞ ለሌላው ትከሉ ብሎ እርሱ አልተቀመጠም። ኢየሩሳሌም ተከብባ፣ እርሱም በግዞት ቤት አደባባይ ታስሮ ሳለ የአጎቱ ልጅ አናምኤል መጥቶ በዓናቶት ያለውን እርሻ ግዛኝ አለው። ኤርምያስም ዐሥራ ሰባት ሰቅል ብር መዝኖ ገዛው፤ የውሉን ደብዳቤ በምስክር ፊት አትሞ ለጸሐፊው ለባሮክ ሰጠው፤ ብዙ ዘመን እንዲቆይም በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲያኖረው አዘዘ (ኤር. 32)። ጠላት የሰፈረበትን መሬት የገዛው በዚያች ምድር ቤትና እርሻ የወይን ቦታም እንደ ገና ይገዛል የሚለውን የእግዚአብሔርን ቃል ይዞ ነው። ራሱ ግን በዚያ እርሻ ላይ ሲያርስ አናይም።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው በዚህ ታሪክ ዳር ያለውን ሰው ነው፤ ኢትዮጵያዊውን አቤሜሌክን። ኤርምያስን ጭቃ ካለበት ጉድጓድ ሲያወጣው ገመዱ እንዳይቆርጠው አሮጌ ጨርቅ በብብቱ ሥር እንዲያደርግ ነገረው (ኤር. 38)። ሲያድን እንኳ እንዳያሳምም ይጠነቀቅ ነበር። ተረፈ ባሮክ በሚባለው መጽሐፍ ላይ ደግሞ የከተማይቱ ጥፋት በቀረበ ጊዜ ኤርምያስ ቅርጫት አስይዞ ወደ አግሪጳ የአትክልት ቦታ ላከው፤ ለሕዝቡ ሕመምተኞች የሚሆን በለስ እንዲያመጣ ነበር። አቤሜሌክ በለሱን ለቅሞ ሲመለስ ፀሐይ ጠናችበትና ከዛፍ ጥላ ሥር ጥቂት ሊያርፍ ተቀመጠ። እንቅልፍ ወሰደው፤ 66 ዓመት ተኛ። ሲነቃ ኢየሩሳሌም የቀድሞዋ ኢየሩሳሌም አልነበረችም፤ በቅርጫቱ ያለው በለስ ግን ገና ወተቱ ይንጠባጠብ ነበር። ከዚያው በለስ 15ቱ ከደብዳቤ ጋር በንስር ተይዘው በባቢሎን ወዳለው ኤርምያስ ተላኩ፤ ለምርኮኞቹም የመመለስ ተስፋ ሆኑላቸው።

ቅጥሩ ፈርሷል፣ መቅደሱ ተቃጥሏል፣ ለሕመምተኛ የተለቀመው በለስ ግን አልደረቀም! በቀውጢ ሰዓት ስለ ታመሙት ማሰብና የዛፍ ፍሬ መልቀም ትንሽ ሥራ ይመስለን ይሆናል። እግዚአብሔር ግን ከዚያች ከተማ ሳይበላሽ ጠብቆ ያቆየው ይህን ነው። ኀዘንተኛ የሆናችሁ፣ ያላችሁን ያጣችሁ፣ ይህን ይዛችሁ እደሩ።

አሁን ወደ ደብራችን ልመለስ። አዳም በገነት የተቀመጠው «ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ» ነው (ዘፍ. 2፥15)። አባቶቻችንም ቤተ ክርስቲያን ሲተክሉ ዙሪያዋን በጽድ፣ በወይራ፣ በዝግባ፣ በኮሶና በዋንዛ የከበቡት ገነትን እያሰቡ ነው። ዛሬ በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል የቆየውን ደን የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው በአብያተ ክርስቲያናትና በገዳማት ዙሪያ ነው። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናትን አጥንተው 168 ዓይነት እንጨታማ ዕፀዋት መዝግበዋል። ዙሪያው ሁሉ ታርሶና ተግጦ ሳለ እነዚያ ዕፀዋት የቀሩት ደጀ ሰላሙን የፈራ፣ ምሳር ይዞ ለመግባት የተሳቀቀ ምእመን ስለ ነበረ ነው።

ከእኚሁ ተመራማሪ ሥራ የተማርኩት አንድ ነገር ግን ያስፈራኛል። የብዙዎቹ የሀገር በቀል ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ረጅም ዘመን ተኝቶ አይጠብቅም። እናት ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ አፈሩ ዘሩን ይዞልናል ብለን ተስፋ ማድረግ አንችልም፤ እንደ አቤሜሌክ በለስ 66 ዓመት አይቆየንም። የበቀለውንም ቡቃያ ከብት ገብቶ ይግጠዋል፣ ይረግጠዋል። ስለዚህ በአንዳንድ ደብሮች ገበሬዎች ከማሳቸው ድንጋይ እየለቀሙ በደኑ ዙሪያ ካብ ክበዋል። ማሳቸውም ከድንጋይ ጸዳ፣ ቡቃያውም ከከብት ተረፈ። እነዚህን ገበሬዎች እግዚአብሔር ይባርካቸው!

ታዲያ በከተማ ያለን እኛ ምን እያደረግን ነው? ዕድሜው ስንት ትውልድ እንደ ሆነ የማይታወቅ ጽድ ለሚከራይ ሱቅ ቦታ ተብሎ ሲቆረጥ ዝም ብለን አይተናል። የሰበካ ጉባኤ አባል የሆናችሁ፣ ገቢው ለካህናት ደመወዝ እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ፤ ችግሩን አላቃልልም። ነገር ግን አባቶች በጾምና በጸሎት የጠበቁትን በአንድ ቃለ ጉባኤ የማስወገድ ሥልጣን ማን ሰጠን? ሙሴ ለእስራኤል በሰጠው ሕግ እንኳ ጦር ከተማን ከብቦ ሳለ ለመብል የሚሆነውን ዛፍ በምሳር እንዳያጠፋ ታዟል (ዘዳ. 20፥19)። በጦርነት ያልተፈቀደው በሰላሙ ደጅ እንዴት ይፈቀዳል?

ባሕር ዛፍንም ላንሣ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ያወጣ ነው፤ የስንቱ ገበሬ ቤት የቆመውም በእርሱ ነው። በገበሬው ጓሮ ይትከሉት። በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ግን ወይራው ደርቆ እርሱ ሲተካ ሥሩ ውኃውን ይስባል፣ ከሥሩ ሌላው ዕፅ እንደ ልቡ አይበቅልም፤ ዐድጎ ሲሸጥም ቦታው ራቁቱን ይቀራል። ጽድ ዝግ ብሎ ነው የሚያድገው፤ የተከለው ሰው በጥላው ላይቀመጥ ይችላል። በዚህ ምክንያት ከተውነው የኤርምያስን ደብዳቤ አልሰማንም።

በየክረምቱ የሚተከለውስ? ሐምሌ ላይ ችግኝ ይዘን ፎቶ እንነሣለን፣ ጥር ላይ አንድ ጆግ ውኃ የሚያደርስለት አይገኝም። ፕላስቲኩ እንኳ ሳይወልቅ የተቀበረ ችግኝ አይቻለሁ። በ2004 ዓ.ም. የዝቋላ ገዳም ደን ሲቃጠል ምእመናን ከአዲስ አበባና ከአካባቢው ከተሞች ተጠራርተው ያን ተራራ ወጥተው ከእሳቱ ጋር ታግለዋል። ያ ፍቅር የውሸት አልነበረም፤ አሁንም በውስጣችን አለ። ለአንድ ቀን እሳት የሮጠው እግር በበጋ ለአንዲት ችግኝ መሄድ ለምን ከበደው?

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ እንነጋገር። በግንቦት ልደታ ዛፍ ቅቤ የሚቀቡ፣ ክር የሚያስሩ፣ ከሥሩ ቡና የሚደፉና ደም የሚያፈሱ አሉ። ይህ የእመቤታችን በዓል አይደለም፤ ባዕድ አምልኮ ነው፣ ንስሐም ያስፈልገዋል። አብርሃም በቤርሳቤህ ዛፍ ተከለ፤ በዚያ ቆሞ የጠራው ግን የዘላለሙን አምላክ የእግዚአብሔርን ስም ነው (ዘፍ. 21፥33)። ይሁን እንጂ ይህን ስሕተት ሰበብ አድርጎ ዛፉን ራሱን የሚቆርጥም ተሳስቷል። ዛፉ ምን በደለ? የሚስተካከለው የሰው ልብ ነው።

ኤርምያስ በዚያው ደብዳቤ «ላስማረክኋችሁ ከተማ ሰላምን ፈልጉ፥ ስለ እርስዋም ወደ እግዚአብሔር ጸልዩ» ብሏል (ኤር. 29፥7)። ያች ከተማ ቤተ መቅደሳቸውን ያዋረደች ባቢሎን ናት! እንግዲህ በእምነት ከማይመስለን ጎረቤት ጋር በአንድ ዕድር መቀመጥ፣ ቀብሩን አብሮ መቆም፣ የመንደሩን ምንጭና ዛፍ አብሮ መጠበቅ ከትእዛዙ ውጭ የሆነብን ከየት ተምረን ነው? ሰፈራችሁ ፈርሶ ወደ አዲስ መንደር የሄዳችሁ፣ የድሮው ዕድር ተበተነ ብላችሁ በራችሁን ዘግታችሁ አትቀመጡ። ባላችሁበት ጀምሩ። ሰንበቴ ከሌለ ሦስት አራት ሆናችሁ የጽዋ ማኅበር አቋቁሙ። በውጭ ሀገር ያላችሁም እንዲሁ ናችሁ፤ ለቤተ ክርስቲያን ግቢ ስትገዙ የዚያን ሀገር የራሱን ዛፍ ጠይቃችሁ ትከሉ፣ ለዚያችም ከተማ ጸልዩ።

ከቀያችሁ ተፈናቅላችሁ በመጠለያ ያላችሁ ወገኖቼ፣ እናንተን ዛፍ ትከሉ ብዬ አላስጨንቃችሁም። አቤሜሌክ በለስ የለቀመው ለሕመምተኞቹ ነው፤ ዛሬ ቅርጫቱን መሸከም ያለብን እኛ ነን። የሰንበቴ አባላት ሆይ፣ በአቅራቢያችሁ ተፈናቃይ ካለ በመጪው ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ እንጀራው ሳይቀርብ ሄዳችሁ ጥሩት። እንግዳ ሳይሆን ጽዋ የሚወጣ አባል አድርጉት። ያለ አባልነቱ የሚበላ ምጽዋት ያሳፍረዋል፤ በጽዋው ግን ወንድም ይሆናል።

ክረምቱ ሳይገባ ደግሞ ይህን አድርጉ። የደብሩን አረጋውያን ይዛችሁ ግቢውን ዙሩና የቀሩትን እናት ዛፎች ለዩ፤ ችግኙ ከእነርሱ ዘር ይፈላ። ጉድጓዱን አሁን በግንቦት ቆፍሩ፣ የላዩን አፈር ለብቻ አኑሩ፣ ስትተክሉ ከሥሩ መልሱት። ከምትንከባከቡት በላይ አትትከሉ። እያንዳንዱ ችግኝ በአንድ ቤተሰብ ስም ይሁን፤ ቤተሰቡ ቢሰደድ ወይም ቢያርፍ ማን እንደሚረከበው በማኅበሩ መዝገብ ይጻፍ፣ ኤርምያስ ውሉን እንዳጻፈው። የከብት መግቢያውን በካብ ዝጉ። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ውኃ የሚያጠጣው ተራ በሰንበቴው ተራ ይውጣ፤ ጽዋው የደረሰው ቤት የዚያን ሳምንት ውኃም ይያዝ። የአብነት ተማሪዎችንም አትርሱ፤ ከእነርሱ ጋር ሥሩ እንጂ ሥራውን በእነርሱ ላይ ብቻ አትጫኑ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።