ፒትስበርግን በመጸው፦ የሚባለውና ያለው

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የምንኖር ሐበሾች ጉዞ ሲነሳ አፋችን ላይ የሚመጡት ከተሞች ያው ናቸው፤ ኒውዮርክ፣ አትላንታ፣ ዳላስ፣ ቢበዛ ላስ ቬጋስ። «ቅጠል ለማየት ፒትስበርግ ልሄድ ነው» ያልኩ ቀን ቡና የሚያጣጡኝ ሁሉ ሳቁብኝ። በመኪና አራት ሰዓት ገደማ ርቃ፣ 300 ሺህ ያህል ሕዝብ ይዛ ምዕራብ ፔንሲልቬንያ ላይ ለተቀመጠችው ከተማ ያልተሰጣት ስም የለም። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁና የሰማሁትን እየነቀስኩ ልመልስ።

«የብረት ፋብሪካና ጭስ ናት»

ነበረች። በ1940ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጭሱ ከመክበዱ የተነሳ በቀትር የመንገድ መብራት ይበራባት ነበር። ዛሬ ዋና እንጀራዋ ሆስፒታልና ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1955 ውጤታማነቱ ይፋ የሆነው የዮናስ ሳልክ የፖሊዮ ክትባት የተሠራውም በዚሁ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ነው። አሌጌኒና መኖንጋሂላ ተገናኝተው የኦሃዮን ወንዝ የሚወልዱበት ጫፍ አሁን መናፈሻ ነው፤ በወንዞቹ ዳር በእግር ወይም በብስክሌት ሰዓታት መሄድ ይቻላል።

«ጭሱ ጨርሶ ጠፍቷል» የሚሉትም ግን ልክ አይደሉም። ብራዶክ በምትባለው አጎራባች ከተማ ከ1875 ጀምሮ የሚሠራ የብረት ፋብሪካ አለ፤ ክሌርተን በምትባለው ሌላ ከተማ ደግሞ ኮክ (ለብረት ማቅለጫ የሚሆን የተጋገረ ከሰል) ይመረታል። በመጸው ጠዋት ቀዝቃዛ አየር ሸለቆው ውስጥ ሲታፈን የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ አንዳንዴ ይመጣል፤ ፀሐይ ከፍ ስትል ይበተናል። አስም ያለበት ሰው ከመውጣቱ በፊት የዕለቱን የአየር ጥራት ስልኩ ላይ ቢያይ ይሻለዋል።

«ቅጠሉን በታንክስጊቪንግ እረፍት እናየዋለን»

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያቃጥለው እዚህ ላይ ነው። ታንክስጊቪንግ የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ነው፤ በዚያ ጊዜ ዛፉ ራቁቱን ቆሞ፣ ቅጠሉ ተጠርጎ በከረጢት ታስሮ በር ላይ ይጠብቃችኋል። ከተማው ውስጥ ቀለሙ የሚደምቀው በአብዛኛው ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያለው ተራራማው ሎረል ሃይላንድስ ደግሞ ከፍታው ስለሚበልጥ ይቀድማል። እዚያው አርክቴክቱ ፍራንክ ሎይድ ራይት ፏፏቴ ላይ ያቆመውን ፎሊንግዋተር የተባለ ቤት ለማየት ያሰበ ቀድሞ ቢሄድ ያተርፋል።

አብሮት የሚመጣው ስሕተት «ቅጠሉን ብርድ መትቶት ነው የቀላው» የሚለው ነው። ዛፉን በዋናነት የሚቀሰቅሰው የቀኑ ማጠር ነው። ብርሃኑ ሲቀንስ አረንጓዴውን ቀለም የሚሰጠው ክሎሮፊል ይፈርሳል። ያኔ የሚታየው ቢጫ አዲስ አይደለም፤ በጋውን ሙሉ ከአረንጓዴው ሥር ተደብቆ የኖረ ነው። ቀዩ ግን ያን ጊዜ የሚሠራ ነው፤ ቅጠሉ ውስጥ የቀረው ስኳር ነው የሚያቀላው። ስለዚህ ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ያለ ግን ውርጭ የሌለበት ከሆነ ሜፕል የሚባለው ዛፍ እሳት ይመስላል። ጠንካራ ውርጭ ቀድሞ ከመጣማ ያጠወልገዋል።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። የእኛ ዘመነ ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ነው፤ በነሱ ከኦክቶበር 6 እስከ ኖቬምበር 14 መሆኑ ነው። እኛ «አበባ» ብለን በምንዘምርበት አርባ ቀን እዚያ ቅጠሉ ያብባል። መጸው የሚለውን ቃል ትቼ «ፎል» (መውደቅ) ማለት ያስጠላኝም ከዚያ ወዲህ ነው።

«ፔንሲልቬንያ አይደል? ፊላደልፊያ ስሄድ ጎራ እላለሁ»

አይባልም። በሁለቱ መካከል 300 ማይል ገደማ አለ፤ በመኪና አምስት ሰዓት። ፒትስበርግ ለፊላደልፊያ ከምትቀርበው ይልቅ ለእኛ ለዲሲዎቹ ትቀርባለች።

«ያለ መኪና አትታይም»

ለገጠሩ እውነት ነው፤ ለከተማው አይደለም። መሀል ከተማንና ከወንዙ ማዶ ያለውን ኖርዝ ሾርን በምድር ውስጥ የሚያገናኘው ቀላል ባቡር በነዚያ ጣቢያዎች መካከል ነጻ ነው። ገደሉን ሽቅብ በገመድ እየተጎተተ የሚወጣው ኢንክላይን ደግሞ የቱሪስት መጫወቻ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የመኖንጋሂላው በ1870 ነው ሥራ የጀመረው (ዓድዋ ገና 26 ዓመት ይቀረዋል!)፣ ዛሬም ሠፈርተኛው ወደ ሥራ ይወርድበታል። መኪና ይዞ የሚመጣ ግን ሁለት ነገር ይወቅ። የፔንሲልቬንያ ተርንፓይክ ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም፤ ታርጋችሁን አንሥቶ ሂሳቡን ቤታችሁ ይልካል። ኦክቶበርና ኖቬምበር ደግሞ አጋዘን የሚራባበት ጊዜ ነው፤ ሲነጋና ሲመሽ ሳታስቡት መንገድ ላይ ዘው ይላል።

«ካቴድራሉን እንሳለመዋለን»

ይኼን ያለችው እናቴ ናት። «ካቴድራል ኦቭ ለርኒንግ» ስላት የሰማችው የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ነበርና ነጠላዋን አጣፍታ መጣች። ሕንፃው ቤተ ክርስቲያን አይደለም፤ ባለ 42 ፎቅ የዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ነው፣ ግንባታው የተጀመረውም በ1926። የከተማው ተማሪዎች ለጡቡ አሥር አሥር ሳንቲም አዋጥተውለታል። ምድር ቤቱ ውስጥ ቅስቱ ከራስ በላይ ሲገናኝ፣ ተማሪው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሲያነብ እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ታዲያ ይኼ ምን ጎደለው?» አለችኝ። መልስ አላገኘሁም።

በየብሔሩ ወግ የተሠሩ 31 ክፍሎች አሉት፤ የአፍሪካው በጋና አሻንቲዎች የመቅደስ ግቢ አምሳል ነው። ብዙዎቹ ትምህርት የሚሰጥባቸው ስለሆኑ ቅዳሜና እሑድ መሄድ ይሻላል። ብቻ እሑድ የስቲለርስ (የከተማው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን) ጨዋታ ካለ ሆቴል ይወደዳል፣ ከተማው ጥቁርና ቢጫ ይለብሳል። ኳስ ሲሏችሁም በእጅ የሚያዘውን ማለታቸው ነው።

«መጸው ነው፣ ብርድ ይገለናል»

በኦክቶበር አጋማሽ የቀኑ ሙቀት በአማካይ 17 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ ሌሊት ወደ 7 ይወርዳል። ይኼ የአዲስ አበባ የጠዋት ብርድ ነው፤ ሹራብና ቀለል ያለ ጃኬት ይበቃል። የሚያስቸግረው ከብርዱ ይልቅ ደመናው ነው፤ በተለይ ኖቬምበር ከገባ።

በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ደግሞ ሰዓት አንድ ወደኋላ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት አለፍ ሲል ነው። ስለዚህ ምሳ ላይ ብዙ አትቆዩ። በ10 ተኩል ኢንክላይኑን ይዛችሁ ማውንት ዋሽንግተን የተባለው ኮረብታ ላይ ብትገኙ፣ ሦስቱ ወንዞች ሲጠቁሩና ድልድዮቹ አንድ በአንድ ሲበሩ ከላይ ታያላችሁ።