የብረት እጥረት ምንድን ነው? (ከደም ማነስ ጋር አንድ አይደለም)

ሰሞኑን አንድ ሰው ስለ ሥራ ባልደረባው የጻፈውን አነበብኩ። ልጅቷ ሁሌ ደከመኝ ትላለች፣ ተመርምራ ሄሞግሎቢኗ (ቀይ ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) 12.4 ወጣ፣ ደም ማነስ የለብሽም ተባለች፣ ስለዚህ ሰበብ ነው ይላል። አንዴ ቢሆን አልፈው ነበር፣ ግን አለቆችም ባሎችም አንዳንዴ የራሴ የሙያ ጓደኞች ሐኪሞችም ሲሉት ስለምሰማ ዛሬ ልጻፈው።

በነገራችን ላይ ደም ማነስ ስል የግፊት መውረድ ማለቴ አይደለም፣ ብድግ ስትል ዓይኗ ስለጨለመ ብቻ ደም አንሷታል አይባልም፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ጣራ ላይ ያለ የውኃ ታንከር አስቡ። ታንከሩ ውስጥ ያለው ውኃ ሰውነት በመጠባበቂያ ያስቀመጠው ብረት ነው፣ እሱን የምናየው ፌሪቲን በሚባል የደም ምርመራ ነው። ሄሞግሎቢን ደግሞ ታች ያለው ቧንቧ ነው። ታንከሩ ሊያልቅ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ቧንቧው ደህና አድርጎ ይፈሳል፣ እና ያ ሰውዬ ያደረገው ቧንቧውን ከፍቶ «ይኸው ይወርዳል፣ ታንከሩ ሙሉ ነው» ማለት ነው። አይደለም! ብረት ሲያጥር ሰውነት ቀይ ደም ለመሥራት ቅድሚያ ስለሚሰጥ ጡንቻውም ሌላውም አካል ቀድሞ ሊጎዳበት ይችላል፣ ሄሞግሎቢን የሚወርደው መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ደም ማነስ የብረት እጥረት የመጨረሻው ደረጃ ነው እንጂ መጀመሪያው አይደለም (ደም ማነስ ሌላም ብዙ መንስኤ አለው፣ ያ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው)።

ቁጥር ለምትፈልጉ፣ ለአዋቂና እርጉዝ ላልሆነች ሴት የዓለም ጤና ድርጅት ደም ማነስ የሚለው ሄሞግሎቢን በዴሲሊትር ከ12 ግራም ሲያንስ ነው። ፌሪቲን ደግሞ ሌላ ሕመም ከሌለባት በሊትር ከ15 ማይክሮግራም በታች ከሆነ እጥረት ነው ይላል፣ ብዙዎቻችን ግን ከ30 በታች ሲሆን ጀምረን እንጠረጥራለን። 12.4 ይዞ ፌሪቲን 7 መሆን ይቻላል፣ በየጊዜው የማየው ነገር ነው።

ሴቶች ላይ ለምን በረታ? ምክንያቱም በመውለጃ ዕድሜ ያለች ሴት ታንከር በየወሩ ይቀንሳል። 1 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ግማሽ ሚሊግራም ገደማ ብረት አለ፣ አንጀት ደግሞ ከምግብ በቀን የሚያስገባው ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ብቻ ነው። በአንድ ወር አበባ 30 ወይም 40 ሚሊ ሊትር የሚፈሳት ሴት ደህና ከበላች ትተካዋለች፣ ከ80 በላይ የሚፈሳት ግን ወር በመጣ ቁጥር 40 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ እያጣች እንዴት ትተካው? አንድ እርግዝና ብቻውን ወደ 1000 ሚሊግራም ይወስዳል፣ እና ከወሊድ ፈቃድ የምትመለሰው እናት ባዶ ታንከር ይዛ እንቅልፍም አጥታ ነው ወንበሯ ላይ የምትቀመጠው።

አንዲት ታካሚዬን አልረሳትም። ቢሮ መሳቢያዋ ውስጥ ጥቁር ሱሪ ቅያሪ ታስቀምጣለች፣ ስብሰባ ላይ ሁሌ በር አጠገብ ነው የምትቀመጠው፣ ሁለት ሞዴስ ደርባ በየሰዓት ተኩሉ ትቀይራለች፣ እኔ ጋ ስትመጣም በረዶ እያኘከች ነው የገባችው (በረዶ ማኘክ የብረት እጥረት የታወቀ ምልክት ነው፣ ጠይቁ)። እናቷም እህቷም እንደዛ ስለሆኑ ኖርማል መስሏት ለዓመታት ኖራበታለች። የሥራ ግምገማዋ ላይ ግን ተነሳሽነት ይጎድላታል ተብሎ ተጽፏል። ሄሞግሎቢን 12.6፣ ፌሪቲን 7፣ አልትራሳውንድ ሲታይ ማዮማ (ማኅፀን ላይ የሚወጣ፣ ካንሰር ያልሆነ እብጠት)። ደሙን ሳይቆጣጠሩ ብረት ብቻ ሰጥቶ መሸኘት የሚያፈስ ታንከር ላይ ውኃ መጨመር ነው፣ ስለዚህ ሁለቱንም ነው ያከምናት።

አሁን ይሄን አንብባችሁ ዝም ብላችሁ ብረት እንዳትገዙ። ድካም ሁሉ ብረት አይደለም፣ ታይሮይድ አለ፣ ድብርት አለ፣ እንቅልፍ ማጣት አለ፣ በዘር የሚመጣ ብረት የሚከማችበት በሽታ ያለበት ሰውም አለና ብረት ሊጎዳው ይችላል። ፌሪቲን ራሱ ኢንፌክሽን ወይም ብግነት ካለ ከፍ ይላል፣ ታንከሩ ባዶ ሆኖ መለኪያው ላይ ተጣብቆ ሙሉ ነኝ እንደሚል ማለት ነው። አወሳሰዱም ቢሆን፣ አንድ ጊዜ ብረት ሲዋጥ ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ከፍ ብሎ ለአንድ ቀን ያህል መግቢያውን ያጠብበዋል፣ ለዚህ ነው ለብዙዎች አንድ ቀን እየዘለሉ መውሰድ የሚሻለው፣ ከሻይና ከቡና ጋር ደግሞ ባይሆን ይመረጣል።

እና ደም ማነስ ሳይኖር ብረት ለድካም ይጠቅማል ወይ ለሚለኝ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የፈረንሳይ ጥናት አለ። ደም ማነስ የሌለባቸው፣ ፌሪቲናቸው ከ50 በታች የሆነ፣ የሚደክማቸው 198 ሴቶች ለ12 ሳምንት ተከታትለው ብረት የወሰዱት ድካማቸው በግማሽ ገደማ ቀነሰ፣ ባዶ ክኒን የወሰዱትም ግን 29 በመቶ ያህል ቀንሶላቸዋል። ሁለተኛውን ቁጥር ደብቄ የመጀመሪያውን ብቻ መናገር አልፈልግም። ልዩነቱ ግን እውነተኛ ልዩነት ነው።

መሥሪያ ቤት ምን ያድርግ? ብዙ አይደለም። ለምርመራና ለክትትል ጥቂት ሰዓት፣ መጸዳጃ ቤት ለመሄድ ሰው ማስፈቀድ አለመኖር (የፋብሪካ መስመር ላይ ወይም ካሸር ሆና የምትሠራ ሴት ተተኪ ሰው እስኪመጣላት መጠበቅ የለባትም)፣ ደም በሚበዛባት ቀን ከቤት መሥራት ከተቻለ እሱ። በዚህ ሁሉ ላይ ምን እንደሆነች ለማንም እንድታስረዳ መገደድ የለባትም።

ያ ሰውዬ ደግሞ አንድ ነገር ይመልስልኝ፣ የባልደረባውን የሄሞግሎቢን ቁጥር እስከ ነጥቧ ድረስ እንዴት አወቀ? ከሐኪሟና ከእሷ ውጪ ማንም ሊያውቀው አይገባም ነበር። አንተ የምታውቀው ቁጥር ደግሞ የቧንቧውን ነው፣ ፌሪቲኗ ስንት እንደሆነ አልጻፍክም፣ ምናልባትም ጭራሽ አልተሠራላትም።