«ጃጅታ ነው» የሚለው ፍርድና ሌሎች ስሕተቶች፦ ስለ አልዛይመር፣ ስለ እናቶቻችንና ስለ ሩጫ

በደብረ ማርቆስ ሴቶችን ለማራቶን አዘጋጃለሁ። ሙያዬ ነርስነት ነው። የምንሮጠው ሰው ትውስታን ቀስ በቀስ ስለሚያጠፋው ስለ አልዛይመር በሽታ እንዲያውቅ ነው፤ አብዛኞቹ ሯጮቻችን እናታቸውን ወይም አያታቸውን በዚህ በሽታ የሚያስታምሙ ወይም አስታመው የቀበሩ ሴቶች ናቸው። በአስፋልቱ ዳር ስናልፍ አስቁሞ የሚጠይቀን አይጠፋም፤ ለጠየቀን ሁሉ በደስታ እንመልሳለን። የሰለቸኝ ሌላ ነው። ለቅሶ ቤት፣ ማኅበር ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ ሳይጠይቁ የሚፈርዱ ሰዎች ሰልችተውኛል። ፍርዱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ መልሱን በጽሑፍ ማስቀመጥ ይሻላል።

«በሽታ አይደለም፤ አርጅታ ነው፤ ጃጅታ ነው»

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይህ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ቢለው አይገርመኝም። የሚያስቆጣኝ ዲግሪ የያዘ ልጅ እናቱን ከጎኑ አስቀምጦ፣ እሳቸው እየሰሙ፣ «ምን ታደርጊዋለሽ፣ ዕድሜ ነው» ሲለኝ ነው።

ዕድሜ ለአልዛይመር ዋነኛው አጋላጭ መሆኑ እውነት ነው። ይህ ማለት ግን ያረጀ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። ሰማንያ ዓመት አልፏቸው ዘመድን እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩ፣ የማኅበሩን ተራ የማያዛንፉ፣ ማን መቼ ምን ያህል እንደተበደራቸው አንድ ሳንቲም የማይስቱ እናቶች በየቀበሌው ሞልተዋል። አልዛይመር አሚሎይድና ታው የሚባሉ ፕሮቲኖች በአንጎል ውስጥ ያለአግባብ እየተከማቹ የአንጎል ሕዋሳት ቀስ በቀስ የሚሞቱበት በሽታ ነው። ይህ ለውጥ ምልክቱ ከመታየቱ ከአሥር ዓመት በላይ አስቀድሞ ይጀምራል።

ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በሽታውን መጀመሪያ ያየባት ሴትም አሮጊት አልነበረችም። አውጉስተ ዴተር የተባለች የአንዲት ልጅ እናት ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1901 ፍራንክፈርት ሆስፒታል ስትገባ ዕድሜዋ 51 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1906 ስትሞት አንጎሏን መርምሮ ያየውን በዚያው ዓመት ለሙያ ባልደረቦቹ አቀረበ። እንግዲህ ነገሩ ከጅምሩ የታወቀው ገና ባላረጀች እናት ላይ ነው።

ታዲያ የትኛው መርሳት ነው የሚያሳስበው? የልጅ ልጆችን ስም አደባልቆ መጥራት፣ ቁልፍ ያስቀመጡበትን ረስቶ ቆይቶ ማስታወስ የማንም ነው። ዕድሜ ልካቸውን ጠላ ሲጠምቁ የኖሩ እናት ጌሾው ይቅደም ብቅሉ ግራ ሲገባቸው ግን ቆም ብላችሁ እዩ። ቡና አፍልተው አቦሉን ከቀዱ በኋላ ገና እንዳልጀመሩ ሁሉ እንደገና ለመቁላት ምጣዱን ሲጥዱ፣ ከቅዳሜ ገበያ የሚመለሱበት መንገድ ሲጠፋቸው፣ የነገሩንን ወሬ በአንድ ቁጭታ አምስት ጊዜ ሲደግሙት፣ ያ እርጅና አይደለም።

አንዲት እናት ገንዘባቸውን በጨርቅ ቋጥረው ጎታው ውስጥ፣ ከጤፉ ሥር ይደብቁ ነበር። የደበቁበትን ይረሱና ምራታቸውን ሌባ ይላሉ። ነገሩ ለሽማግሌ ደረሰ፤ ትዳሩ ሊፈርስ ምንም አልቀረውም። ጎታው ሲገለበጥ ቋጠሮው ከነብሩ ተገኘ፤ ከዚያም በኋላ ቤተሰቡ «ክፋት ነው» ከማለት «ጃጅታ ነው» ወደ ማለት ተሸጋገረ እንጂ ሐኪም ዘንድ ለመውሰድ አልተነሣም። «ሰረቁኝ» ማለት ከዚህ በሽታ የታወቁ ምልክቶች አንዱ ነው። ያቺ ምራት ይህን የሚነግራት ሰው አጥታ ስንት ሌሊት አልቅሳለች።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ይህ ነው፦ እንደዚያ ተብለው የተተዉ እናቶች ሁሉ አልዛይመር የለባቸውም። አንድ ጊዜ አንገታቸው ላይ የቆየ እንቅርት ያለባቸውን እናት አመጡልን። ቀን ይተኛሉ፣ በፀሐይ ጋቢ ደርበው ይበርዳቸዋል፣ ድምፃቸው ጎርንኗል፣ የሚባሉትን ይረሳሉ። የደም ምርመራው የታይሮይድ ሆርሞን እጥረት መሆኑን አሳየ። በየቀኑ የሚዋጥ እንክብል ታዘዘላቸውና ከወራት በኋላ ራሳቸው በእግራቸው መጥተው ስለ ከብቶቻቸው ሲያወሩኝ ቆዩ። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድብርት፣ ቂጥኝ፣ ከወደቁ በኋላ ጭንቅላት ውስጥ የቋጠረ ደም፣ አንዳንድ መድኃኒቶችም አእምሮን እንዲህ ያደበዝዛሉ፤ ብዙዎቹ ይታከማሉ። መርሳቱ በቀናት ውስጥ በድንገት ከመጣ ደግሞ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል አንድ ቀንም አያሳድሩ። «ጃጅታ ነው» የምትለዋ ፍርድ እነዚህን ሁሉ ሳይመረመሩ ትቀብራቸዋለች።

«የፈረንጅ በሽታ ነው»

በዓለም ላይ የመርሳት በሽታ (ከዓይነቶቹ ዋነኛው አልዛይመር ነው) ካለባቸው ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከ60 በመቶ የሚበልጡት የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። እኛ ዘንድ ያልመረመርነው ስለሆነ የለም ማለት አይቻልም።

«መተት ነው፤ ዛር ነው»

በጎጃም ይህን ሳይሰማ ያደገ የለም። ጠበል የሚወስድ ቤተሰብን አልቃወምም፤ እኔም ጠበል እጠመቃለሁ። የምለው ሁለት ነገር ነው። የደም ግፊትም ሆነ የስኳር መድኃኒት ለጠበል ተብሎ አይቋረጥ። መንገድ የሚጠፋባቸውን እናትም በማያውቁት ቦታ፣ ሰው በበዛበት፣ ብቻቸውን አትተዉ። በሽተኛዋን ማሰር ወይም መግረፍ ግን ማንም ይምከረው ማን ግፍ ነው።

«ከታማሚዎቹ ሴቶች የሚበዙት ዕድሜያቸው ስለሚረዝም ብቻ ነው»

ዕድሜ አንዱ ምክንያት ነው፤ ብቻውን ግን አይደለም። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት 14 ሊለወጡ የሚችሉ አጋላጮችን ዘርዝሯል፤ ሁሉም ቢወገዱ ከመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል ይላል። ዝርዝሩን ስታነቡት የእናቶቻችንን የሕይወት ታሪክ ታገኙበታላችሁ። በልጅነት ትምህርት አለማግኘት የመጀመሪያው ነው፤ በአሥራ ሦስትና በአሥራ አራት ዓመታቸው ተድረው ከትምህርት ቤት ደጃፍ የተመለሱት እነማን ናቸው? ያልታከመ የደም ግፊት አለበት። ድብርት አለበት፤ ልጅ የቀበረች እናት «ፈጣሪ ያጽናሽ» ተብላ ከሰልስት በኋላ ማን ይጠይቃታል? የመስማትና የማየት ችግር አለበት፤ ብቸኝነት፣ የስኳር በሽታ፣ የአየር ብክለት፣ እንቅስቃሴ ማነስም አሉበት።

የእናቶች ቀን ሲመጣ የእናቱን ፎቶ የሚለጥፍ ልጅ ብዙ ነው። የእናቱን የደም ግፊት ያስለካው ስንቱ እንደሆነ ብጠይቅ ዝም ይሉኛል። ጤና ጣቢያ ወስዶ ማስለካት የአንድ ጠዋት ሥራ ነው፤ ከ140 በ90 በላይ በተደጋጋሚ ከተገኘ ሕክምና ያስፈልገዋል። ራስ ምታት ካልተሰማቸው ግፊት የላቸውም ብላችሁ አትደምድሙ፤ ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም።

«የወለደች ሴት ከሮጠች ማህፀኗ ይወርዳል»

ይህ ሁለተኛው የሚያቆስለኝ ነው፤ ምክንያቱም ከልምምዱ ሴቶችን የሚያስቀርብኝ እሱ ነው። አማት ትለዋለች፣ ባል ይደግመዋል፣ ልጅቷም ፈርታ ትቀራለች።

ፍርሃቱ የእኛ ብቻ አይደለም። ሩጫ የሴትን ማህፀን ይጎዳል የሚለው ወሬ በአውሮፓና በአሜሪካም ለብዙ ዘመን ሲነገር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1928 አምስተርዳም ላይ ሴቶች 800 ሜትር ሮጠው፣ ደክሟቸዋል ተብሎ ውድድሩ እስከ 1960 ድረስ ከኦሊምፒክ ወጣ። የሴቶች ማራቶን ኦሊምፒክ የገባው በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ነው። ከዚያ ከ12 ዓመት በኋላ በአትላንታ ፋጡማ ሮባ ለአፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያውን የማራቶን ወርቅ አመጣች። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ካሸነፈች በኋላ ወልዳ በ2000 ሲድኒ ላይ ዳግመኛ የ10,000 ሜትር ወርቅ ወሰደች፤ በ2009 ደግሞ የኒውዮርክን ማራቶን አሸነፈች። ጥሩነሽ ዲባባ በ2015 ወልዳ በ2016 ሪዮ ላይ ነሐስ አግኝታለች።

ማህፀንን የሚያወርደው ምን እንደሆነ እናውቀዋለን፦ በለጋ ዕድሜና በተደጋጋሚ መውለድ፣ ለቀናት የተራዘመ ምጥ፣ አራስ ሳይጠና እንስራና የእንጨት ሸክም መሸከም። ሩጫን የሚፈራላት ቤተሰብ በወለደች በማግሥቱ ውሃ እንድትቀዳ ሲልካት አያለሁ፤ እዚያ ላይ ማንም «ማህፀኗ» አይልም።

ጥንቃቄ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ከወለድሽ ቢያንስ ሦስት ወር እስኪሞላ አትሩጪ፤ መጀመሪያ በእግር መሄድ ይቅደም። ሽንት እንደሚይዙ አድርጎ የታችኛውን ጡንቻ ጨብጦ መልቀቅ በየቀኑ ተለማመጂ። ስትሮጪ ሽንት የሚያመልጥሽ፣ ከታች የመክበድ ወይም የመውጣት ስሜት ያለሽ ከሆነ አቁመሽ ታይ፤ የሚታከም ነውና አትፈሪ፣ አትደብቂው። የወር አበባሽ ለወራት ከቀረ ደግሞ «ሩጫው አቀለለኝ» አትበይ፤ ብዙ ጊዜ የምትበዪው ከምትሮጪው በታች ሆኗል ማለት ነው፣ አጥንትሽን ይጎዳዋል። እርግዝና እንዳልሆነም አረጋግጪ።

በሳምንት ሦስት ቀን እንጀምራለን፤ እያወሩ መሮጥ በሚቻልበት ፍጥነት። ሙሉው 42.195 ኪሎ ሜትር ከውድድሩ በፊት አይሮጥም፤ ረጅሙ ልምምድ 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ያለች ስለሆነች ደማችን ብረት ይፈልጋል፤ ምስርና ጎመን ብሉ፣ ቡናውንና ሻዩን ከምግብ ጋር አትጠጡ፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ። ለረጅሙ ሩጫ በሶ በማር የሚተካከለው የለም። በጾም ወራት ረጅሙን ልምምድ ምግብ ወደሚበላበት ሰዓት አስጠጉት። ብቻችሁንና በጨለማ አትውጡ፤ መንገዱ በማያስተማምንበት ሳምንት በግቢ ውስጥ መሮጥም ልምምድ ነው።

«ማራቶን የሮጠ አልዛይመር አይነካውም»

ይህን ደግሞ የሚሉኝ የገዛ ሯጮቼ ናቸው። አይደለም። እንቅስቃሴ አደጋውን ይቀንሳል፤ ዋስትና አይሰጥም። እንዲቀንስ ደግሞ ማራቶን አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ በ120 አረጋውያን ላይ በተደረገ ጥናት በሳምንት ሦስት ቀን 40 ደቂቃ በእግር የሄዱት ከአንድ ዓመት በኋላ ለትውስታ ዋነኛ የሆነው የአንጎላቸው ክፍል በ2 በመቶ አድጎ ተገኝቷል። እማማም ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ፈጠን ብለው ደርሰው መመለስ ይችላሉ። እኛ ማራቶኑን የምንሮጠው ሰው ቆም ብሎ እንዲያየንና እንዲጠይቀን ነው።

ጥቃቅኖቹን በአጭሩ ልለፋቸው። የአሉሚኒየም ድስት አልዛይመር እንደሚያመጣ አልተረጋገጠም። እናትሽ ታመሙ ማለት አንቺም ትታመሚያለሽ ማለት አይደለም፤ በቀጥታ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርደው ዓይነት እጅግ ጥቂት ነው። የወር አበባ ሊቋረጥ በሚቀርብበት ዕድሜ የሚመጣው መዘንጋትና እንቅልፍ ማጣት የብዙ ሴቶች ነው፤ አልዛይመር ነው ብለሽ አትሸበሪ። በሽታው አይተላለፍም፤ በአንድ ገበታ ብሉ።

«መድኃኒት ከሌለው ሐኪም ምን ያደርግልናል?»

የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ምልክቱን ለተወሰነ ጊዜ የሚያቃልሉ ግን አሉ። ሐኪሙ ሌሎቹን የሚታከሙ ምክንያቶች ይለያል፣ ግፊቱንና ስኳሩን ይቆጣጠራል፣ ቤተሰቡም ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። ስትሄዱ ለውጡ መቼ እንደጀመረና ምን ምን እንደሚረሱ ጽፋችሁ ያዙ፤ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።

ቤት ውስጥ «አሁን ነገርኩሽ እኮ» እያላችሁ አትሟገቷቸው። የሞተውን ባላቸውን ሲጠይቁ በየቀኑ መርዶ አታርዷቸው፤ ስለ እሱ እንዲያጫውቷችሁ ጠይቋቸው። እጅ የለመደው ቶሎ አይጠፋምና ሥራ ስጧቸው፦ የልጃቸውን ስም የረሱ እናት እንዝርት ስታስጨብጧቸው ጥጡን እየሳቡ ቀጭን ክር ሲፈትሉ፣ ውዳሴ ማርያም ሲጀመርላቸው ሳያቋርጡ ሲዘልቁ አይቻለሁ። ከምድጃው አርቋቸው፤ ስማቸውንና የቤተሰብ ስልክ ቁጥር በነጠላቸው ጥለት ሥር ስፉበት።

የሚያስታምሙት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ናቸው፤ በእኛ አካባቢ ደግሞ ያላገባችው ልጅ ወይም ምራት ናት። ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ያለው ወንድም ብር ስለላከ አስታመመ አይባልም። መጥቶ እናቱን ራሱ ያጥባቸው፣ ሌሊት ሲነሡ ይነሣ፣ ለዚያች እህቱም ተኝታ የምታድርበት፣ የራሷንም ግፊት የምታስለካበት ሳምንት ይስጣት።