አባጣ ጎርባጣ ምንድን ነው?

እብጠትና ጉድጓድ እየተፈራረቁበት እኩል ያልሆነ ነገር አባጣ ጎርባጣ ይባላል። «አባጣ» ያበጠውን፣ «ጎርባጣ» የሚጎረብጠውን ያመለክታል፤ «ፍራሹ ጎረበጠኝ» እንደሚባለው። ደልዳላ ሆኖ አንድ ጉድጓድ ብቻ ያለበትን መንገድ ግን ማንም አባጣ ጎርባጣ አይለውም።

ከኮረኮንች ጋር የሚያምታቱት አሉ። ኮረኮንች አስፋልት ያልለበሰ ጠጠራማ መንገድ ነው፤ ጥሩ ተጠርጎ ከተደመደመ አይንገጫገጭም። በተቃራኒው አስፋልት ሆኖ አባጣ ጎርባጣ የሆነ ሞልቷል። ሻካራ በእጅ ሲዳሰስ ለሚታወቅ ነው። ወጣ ገባ ለመሬት አቀማመጥም፣ «ሥራ ላይ ወጣ ገባ ይላል» ተብሎ ለሰውም ይውላል። «ትዳር አባጣ ጎርባጣ አያጣውም» ሲባልስ? ችግር ብቻ ሳይሆን መውጣት መውረዱ ነው የተፈለገው።

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ ኮዬ ፈጬና አቃቂ አካባቢ ቃሉ ከአፍ የማይጠፋው አፈሩ ጥቁር ሸክላማ ስለሆነ ነው። ይህ አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ሲደርቅ ተጨማዶ ይሰነጠቃል። እብጠቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ላዩ ላይ የተነጠፈው ገረጋንቲም (ለመንገድ የሚሞላው ጠጠራማ አፈር) ሆነ ኮብልስቶን አብሮ ይነሳል፣ አብሮ ይሰምጣል። ስለዚህ አፈሩን ቆርጦ አውጥቶ በሌላ ሳይተኩ የሚነጠፍ ኮብልስቶን ገንዘብ መቅበር ነው።

ሌላው መንስኤ የቆመ ውሃ ነው። የጠጠር መንገድ መሃሉ ከፍ ብሎ ወደ ዳር በየሜትሩ ከ4 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። መሃሉ ከሰመጠ ዝናቡ እዚያው ይተኛል፤ ጎማ ባለፈ ቁጥር ውሃው ደቃቁን አፈር ይዞ ይወጣና ጉድጓዱ ይሰፋል። በበጋ ደግሞ ደረቅ ጠጠር ላይ በፍጥነት የሚነዱ መኪኖች ጎማቸው እየነጠረ መንገዱን እንደ ቆርቆሮ ሸንተረራማ ያደርጉታል። መንገድ የሚያስተካክለው ማሽን፣ ግሬደር፣ ጫፍ ጫፉን ብቻ ከላጨው ሸንተረሩ ብዙም ሳይቆይ ይመለሳል፤ እስከ ሸንተረሩ ሥር ተቆርጦ፣ ውሃ ተረጭቶበት፣ በሮሎ መደምደም አለበት።

ሰፈርተኛው ጉድጓድ ሲሞላ የሕንፃ ፍርስራሽ መድፋት ይቀናዋል። ትልልቁ ድንጋይ ግን አይጠቀጠቅም፤ ዙሪያው ሲበላ እሱ ጎልቶ ይቀራል፣ ጉድጓድ የነበረው አባጣ ይሆናል። የሚሻለው ውሃና ጭቃውን መጀመሪያ አውጥቶ፣ ጠርዙን ቀጥ አድርጎ ቆርጦ፣ እርጥብ ገረጋንቲ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር እየደረደሩ እያንዳንዱን መጠቅጠቅ፣ የመጨረሻውንም ከመንገዱ ትንሽ ከፍ አድርጎ መተው ነው፤ መኪና ሲመላለስበት ይወርዳል።