ሰርቪስ ዶግ እንዲሆን ትልቅ ዝርያ ቡችላ መምረጥ (በአሜሪካ)

ሰርቪስ ዶግ በአሜሪካ ህግ አካል ጉዳት ላለበት ሰው ከጉዳቱ ጋር የተያያዘ ስራ እንዲሰራ የሰለጠነ ውሻ ማለት ነው። በ1990 (አመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የወጣው ኤዲኤ ሚባለው ህግ ውሻው የግድ ከድርጅት ይምጣ አይልም፣ ባለቤቱ ራሱ ቡችላ ገዝቶ ቢያሰለጥነውም መብቱ እኩል ነው፣ ሰርተፍኬት ምናምንም አይጠየቅም፣ ኦንላይን ሚሸጡት "ምዝገባዎች" በህግ ፊት ዋጋ የላቸውም። ሱቅ በር ላይ መጠየቅ ሚቻለው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ውሻው በጉዳት ምክንያት ሚያስፈልግ ነው ወይ፣ ምን ስራስ ሰልጥኗል። ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲና ኡበር ለሚነዱ የኛ ልጆችም ይሄ ይመለከታቸዋል፣ ውሻ እፈራለሁ ወይ አለርጂ አለብኝ ብሎ ተሳፋሪ ጥሎ መሄድ አይቻልም።

ታሪኩ ሚጀምረው ከአይነ ስውራን ነው። ጀርመኖች በአንደኛው የአለም ጦርነት አይናቸውን ላጡ ወታደሮች በ1916 ኦልደንበርግ ላይ የውሻ ማሰልጠኛ ከፈቱ። ስዊዘርላንድ ተቀምጣ ጀርመን ሼፐርድ ታረባ የነበረች ዶሮቲ ኢውስቲስ ሚሏት አሜሪካዊት የነሱን ስራ አይታ በ1927 ሳተርደይ ኢቭኒንግ ፖስት ላይ ጻፈች፣ ጽሁፉን ናሽቪል ላለው አይነ ስውር ወጣት ሞሪስ ፍራንክ ሲያነቡለት ወዲያው ደብዳቤ ላከላት፣ በ1928 ስዊዘርላንድ ሄዶ ኪስ የምትባል ሴት ውሻ ተሰጠችው፣ ስሟን በዲ ብሎ ቀየረውና ይዟት ኒውዮርክ ገባ። ጋዜጠኞች ፊት ያን መኪና ሚተራመስበት ዌስት ስትሪትን ተሻገሩ፣ ለኢውስቲስ የላከው ቴሌግራም አንድ ቃል ነበር፦ "ተሳካ"። በ1929 ሲኢንግ አይ ሚባለው የአይነ ስውራን መሪ ውሻ ማሰልጠኛ ናሽቪል ላይ ተቋቋመ፣ ኋላ ኒው ጀርሲ ገባ። በ1975 ቦኒ በርገን ካሊፎርኒያ ውስጥ ከአይነ ስውራን ውጪ ላሉ ጉዳተኞች ውሻ ማሰልጠን ጀመረች። ግሬት ዴን ሚባለውን በጣም ትልቅ የውሻ ዝርያ ሲሄዱ ለሚንገዳገዱ ሰዎች ድጋፍ እንዲሆን ሚያሰለጥነው ማሳቹሴትስ ኢፕስዊች ያለው ሰርቪስ ዶግ ፕሮጀክት ነው።

ለምን ትልቅ ዝርያ? ለመድሃኒት ማስታወስ ወይ የወደቀ ነገር ለማንሳት ላብራዶር ከበቂ በላይ ነው። ሲሄድ ለሚንገዳገድ ሰው ግን ቁመት ያስፈልጋል፣ ሰውዬው ሳይጎነብስ ሃርነሱ (ውሻው ገላ ላይ ሚታሰረው ማሰሪያ) ላይ ያለውን እጀታ መያዝ አለበት። ወንድ ግሬት ዴን ትከሻው ላይ 76 እስከ 81 ሳንቲሜትር ይደርሳል፣ ክብደቱ 63 እስከ 79 ኪሎ፣ እርጋታውን ደሞ ያየ ያውቀዋል፣ ለዚህ ስራ የተፈጠረ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ችግሩ እድሜው ነው፦ ከ7 እስከ 10 አመት፣ ላብራዶር 11 እና 12 ይኖራል። ስልጠናው ሁለት አመት ገደማ ስለሚፈጅ ስራ ላይ ሚቆየው ጊዜ አጭር ነው።

ምርጫው ከቡችላው በፊት ከወላጆቹ ይጀምራል። "የእንስሳት ሀኪም አይቷቸው ጤነኛ ናቸው ብሏል" ሚል አርቢ ምንም አላሳየም። የዳሌና የክርን ራጅ፣ የልብ ምርመራ (ዴን የልብ ጡንቻ በሽታ ያጠቃዋል) ውጤት ያስፈልጋል። ኦኤፍኤ ሚባለው የውሾችን የጤና ምርመራ ውጤት ሚመዘግብ የአሜሪካ ድርጅት የመጨረሻ የዳሌ ውጤት ሚሰጠው ውሻው 2 አመት ሲሞላው ነው፣ ስለዚህ እናትየው የ18 ወር ሆና ከወለደች ያ ውጤት ሊኖራት አይችልም፣ እዛው ላይ መመለስ ይሻላል። ውጤቶቹን ዳታቤዛቸው ላይ ማንም ገብቶ ማየት ይችላል።

ቡችሎቹን በተመለከተ ቮልሃርድ ሚባሉ ባልና ሚስት ያወጡት ፈተና አለ፣ በ49ኛው ቀን አካባቢ ቡችላውን ማያውቀው ሰው ማያውቀው ቦታ ላይ ነው ሚፈትነው። በጀርባው አስተኝቶ 30 ሴኮንድ ይይዘዋል፣ ድስት በማንኪያ ይመታል፣ ጃንጥላ ይከፍታል። ሚፈለገው ማይደነግጥ ቡችላ አይደለም፣ ደንግጦ ወዲያው ተመልሶ ጃንጥላውን ሚያሸተው ነው። ፈተናው ስለወደፊቱ ምን ያህል ይናገራል ሚለው ያከራክራል፣ ብዙ አሰልጣኞች ግን አሁንም ይጠቀሙበታል። መጀመሪያ ሮጦ መጥቶ ጫማ ሚነክሰውን መምረጥ ግን ስህተት ነው፣ ይሄ አያከራክርም።

ከተገዛ በኋላ የትልቅ ዝርያ ቡችላ ምግብ ብቻ ይበላል፣ አጥንቱ እንዲጠነክር ብሎ ካልሲየም መጨመር አጥንቱን ያበላሸዋል። አጥንቱ አድጎ እስኪያልቅ፣ ዴን ላይ እስከ 2 አመት ድረስ ማለት ነው፣ ሰው አይደገፈውም። ጨጓራ ተነፍቶ መጠምዘዝ ዴንን በሰአታት ውስጥ ስለሚገድል ብዙዎች ሲያመክኑት ጨጓራው እንዳይዞር አብረው ከሆዱ ግድግዳ ጋር ያሰፉታል።

በስልጠና ላይ ያለ ቡችላን ኤዲኤ አይሸፍንም፣ እንደየስቴቱ ይለያያል። አውሮፕላን ላይ ደሞ በ2021 የጸናው ደንብ ውሻው ባለቤቱ እግር ስር መግባት አለበት ይላል፣ ካልገባ አየር መንገዱ ባለው ክፍት ወንበር ሊያሸጋሽግ ይሞክራል እንጂ 70 ኪሎ ውሻ ይዞ ለመጣ ሰው ሁለተኛ ወንበር በነጻ የመስጠት ግዴታ የለበትም።