ደጋፊ የሚመርጠው ኮከብ፦ የቢቢሲ የአፍሪካ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች

ካሜሩናዊው ሳሙኤል ኤቶ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍን) የአፍሪካ ኮከብ ተጫዋች ሽልማት አራት ጊዜ ወስዷል። የቢቢሲውን ግን አንድም ጊዜ አላገኘም። ናይጄሪያዊው ጄይ ጄይ ኦኮቻ ደግሞ ግልባጩ ነው። የካፍን ሳያገኝ ጫማውን ሰቀለ፤ የቢቢሲውን በ2003 እና በ2004 በተከታታይ ወሰደ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ልዩነቱ ያለው መራጩ ላይ ነው። ካፍ ዘንድ ትልቁን ቦታ የያዘው የብሔራዊ ቡድን አሠልጣኞች ድምፅ ነበር። ቢቢሲ ዘንድ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ተመልካቹ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ባለሙያዎች አምስት እጩዎችን ይለያሉ። ከዚያ ሕዝቡ በድረ ገጽ ወይም በሞባይል አጭር መልዕክት ይመርጣል። አሸናፊው በዓመቱ መጨረሻ ይታወቅ ነበር።

ደጋፊ ጎል ብቻ አይቆጥርም፤ ሰውየውንም ይወዳል። የ2008ቱን አሸናፊ መሐመድ አቡትሪካን ተመልከቱ። የሚጫወተው አውሮፓ ሳይሆን ካይሮ፣ አል አህሊ ነበር። በዚያ ዓመት አክራ ላይ በአፍሪካ ዋንጫ ፍፃሜ መሐመድ ዚዳን ከካሜሩኑ ሪጎበርት ሶንግ ጋር ታግሎ ኳሷን ቀማውና ለአቡትሪካ አቀበለ። እሱም አገባት፤ ግብፅ 1 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን አነሳች። በዚያው ውድድር ማሊያውን ገልጦ ለጋዛ ሕዝብ ያለውን አጋርነት ያሳየበት ምስልም ከብዙዎች ልብ አልወጣም። ካፍ ግን የዚያን ዓመት ኮከብ ያደረገው ቶጓዊውን አዴባዮርን ነበር።

የሕዝብ ድምፅ ሲባል ብዙ ሕዝብ ያለው አገር ይጠቀማል የሚል ስጋት ይነሳል። ስጋቱ ተገቢ ነው። የ2012ቱ ውጤት ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ዛምቢያ በሕዝብ ብዛት ከናይጄሪያም ከግብፅም ጋር አትወዳደርም። አምበሏ ክሪስቶፈር ካቶንጎ ቻይና ውስጥ ነበር የሚጫወተው። ሆኖም ቼልሲን ለአውሮፓ ሻምፒዮንነት ያበቃውን ድሮግባንና ያያ ቱሬን አስከትሎ አሸነፈ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በ1993 የዛምቢያን ብሔራዊ ቡድን የያዘ አውሮፕላን ከሊበርቪል እንደተነሳ ባሕር ውስጥ ወድቆ ተጫዋቾቹ አለቁ። በ2012 ካቶንጎና ጓደኞቹ በዚያችው ከተማ ኮትዲቯርን በፔናሊቲ 8 ለ 7 ረትተው ለአገራቸው የመጀመሪያ የሆነውን የአፍሪካ ዋንጫ አነሱ። ይህን ያየ ደጋፊ ሌላ ሰው ቢመርጥ ነበር የሚገርመው።

አንዳንዴ ደግሞ ሕዝብና ባለሙያ ይስማማሉ። ያያ ቱሬ በ2013፣ አልጄሪያዊው ማህሬዝ በ2016 ሁለቱንም ሽልማት ወስደዋል። ግብፃዊው መሐመድ ሳላህም በ2017 እና በ2018 እንዲሁ አድርጓል። የቢቢሲ አማርኛ አገልግሎት የተጀመረው በ2017 ነውና የሳላህን ድል የኛ አገር ደጋፊ በራሱ ቋንቋ መከታተል ችሏል። ከአሸናፊዎቹ መካከል ግን ኢትዮጵያዊ የለም።