በባሕር ዳር ቢሮዎች የኢሜይል ፕሮግራም ችግሮችና መፍትሔያቸው

በጣና ደቡባዊ ዳርቻ ባለችው ባሕር ዳር ኢሜይል የሚነበበው በስልክ ብቻ አይደለም። በሆቴል እንግዳ መቀበያ፣ ጎብኚዎችን ወደ ዘጌ ገዳማት በሚያሻግሩ አስጎብኚዎች ቢሮ፣ በመምህራን ጠረጴዛ ላይ እንደ አውትሉክ ወይም ሞዚላ ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በነፃ እንደሚያቀርበው ተንደርበርድ ያለ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ ተጭኖ ይሠራል። መስመር ሲቋረጥም የቆየ ደብዳቤ ማንበብና መልስ ጽፎ ማቆየት ያስችላል።

ፕሮግራሙ አልሠራ ሲል ቶሎ የሚሰማው ምክር «አጥፍተህ እንደገና ጫነው» የሚል ነው። ምክሩ ጎጂ ነው። የተበላሸው ቅንብር በሌላ ፎልደር ስለሚቀመጥ ፕሮግራሙ ቢጫንም ችግሩ ይመለሳል፤ ፎልደሩንም አብሮ የሰረዘ ሰው ደግሞ የዓመታት ደብዳቤውን ያጣል።

ከሁሉ በፊት በማያ ገጹ ጥግ ያለው ቀን ይታይ። ሰርቨሩ፣ ማለትም ደብዳቤዎችን ተቀብሎ የሚያስተላልፈው የኢሜይል አቅራቢው ኮምፒውተር፣ ማንነቱን የሚያሳውቅበት ዲጂታል የምስክር ወረቀት መነሻና ማብቂያ ቀን አለው፤ ዕድሜውም ከአንድ ዓመት እምብዛም አይዘልም። እኛ ደግሞ የራሳችን የዘመን አቆጣጠር አለን። በመስከረም 2025 የሚለውን ቁጥር ስሕተት መስሎት 2018 ብሎ ያስተካከለ ሠራተኛ ኮምፒውተሩን ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ወስዶታል፤ በኮምፒውተሩ ዓይን የምስክር ወረቀቱ ገና አልተሰጠም፣ ስለዚህ ግንኙነቱን አይቀበልም። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ለኮምፒውተሩ 9:00 ነው። 3:00 ተብሎ ከተሞላ ደብዳቤው ይሄድ ይሆናል፤ ነገር ግን ስድስት ሰዓት ያለፈበት መስሎ ይደርስና በተቀባዩ ዝርዝር ውስጥ ከሌሎች በታች ይቀበራል። ለአልጋ ማስያዣ መልስ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። መፍትሔው የሰዓት ቀጠናውን ዊንዶውስ «ናይሮቢ» በሚለው ላይ አድርጎ ሰዓቱ ከኢንተርኔት በራሱ እንዲስተካከል መተው ነው። ኮምፒውተሩ ከኤሌክትሪክ በተለየ ቁጥር ቀኑ ወደ አሮጌ ዓመት የሚመለስ ከሆነ ግን ክዳኑ ይከፈት። ዋናው ሰሌዳ ላይ ሳንቲም የመሰለች፣ ፊቷ ላይ 2032 የተጻፈባት ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች፤ የደከመችው እርሷ ናት።

«ደብዳቤው ጠፋ» የሚለው አቤቱታ ብዙውን ጊዜ መነሻው ፖፕ የተባለው የአቀባበል ስልት ነው። ፖፕ ደብዳቤውን ወደ አንድ ኮምፒውተር ያወርዳል፤ ቅጂው ሰርቨሩ ላይ እንዲቆይ ካልታዘዘም ከዚያ ይሰርዘዋል። ሁለት ሠራተኞች አንድ አድራሻ ሲጋሩ ቀድሞ የከፈተው ይወስዳል፣ ሁለተኛው ባዶ ሳጥን ያገኛል። በ1986 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው ሌላው የአቀባበል ስልት፣ አይማፕ፣ ደብዳቤዎቹን ሰርቨሩ ላይ ስለሚያቆይ ለጋራ ቢሮ እርሱ ይመረጣል፤ ፖርቱ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ወደ ሰርቨሩ የሚገባበት የበር ቁጥር፣ 993 ነው።

ደብዳቤ እየገባ መላክ ብቻ ከተከለከለ የመላኪያው ፖርት ይፈተሽ። 25 በብዙ የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪዎች ይዘጋል፤ 587 ወይም 465 መሆን አለበት። የፎቶግራፎች ክብደትም አለ። አባሪ ፋይል ሲላክ ወደ ፊደላት ስለሚቀየር ሲሦ ያህል ይጨምራል፤ ስለዚህ ወሰኑ 25 ሜጋባይት በሆነው ጂሜይል 20 ሜጋባይት የሚመዝን የጢስ እሳት ፏፏቴ ፎቶ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። መስመሩ ሲዘገይ የሚታይ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፦ ደብዳቤው ከሄደ በኋላ ቅጂው «የተላኩ» ወደሚለው ፎልደር ሲገለበጥ መስኮቱ ደርቆ ይቀራል። ላኪው አልሄደም ብሎ ደጋግሞ ይጫናል፤ እንግዳውም አንዱን ዋጋ ሦስት ጊዜ ይቀበላል። ከመድገም በፊት ለራስ አድራሻም ግልባጭ አድርጎ መላክና መድረሱን ማየት ይሻላል።

የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ጂሜይል የማይቀበል ከሆነ፣ ጉግል ከግንቦት 2022 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ተራ የይለፍ ቃል የሚጠቀሙ የቆዩ ፕሮግራሞችን መዝጋት ጀምሯል። ፕሮግራሙን ማደስና በጉግል መግቢያ ገጽ በኩል መፍቀድ ያስፈልጋል።

መብራት በድንገት ሲጠፋ የሚጎዳው የደብዳቤዎቹ ማውጫ ነው። ተንደርበርድ በተለመደው አሠራሩ የአንድን ፎልደር ደብዳቤዎች በአንድ ረጅም ፋይል ያከማቻል፤ ማውጫውን ለብቻው ይይዛል። ርዕሱ ሌላ፣ ውስጡ ሌላ ሆኖ ከታየ የፎልደሩ መግለጫ ውስጥ ያለው የጥገና ቁልፍ ማውጫውን ከዋናው ፋይል አዲስ አድርጎ ይሠራዋል። አስቀድሞ ግን ፕሮግራሙን ዘግቶ ሙሉውን ፎልደር ወደ ፍላሽ መገልበጥ ግድ ነው።

የአማርኛ ጽሑፍ አራት ማዕዘን ሳጥኖች ሆኖ ሲታይ የጎደለው ፎንት ነው፤ ኒያላን ወይም ኖቶን መጫን ይበቃል። የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ከሆነ ግን የጽሑፉ ኮድ ዩኒኮድ የሚጻፍበት ወደሆነው ዩቲኤፍ 8 ይለወጥ። ፊደላችን በዩኒኮድ፣ ማለትም የዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸው ቁጥር በሚያገኙበት የጋራ ሥርዓት፣ ቦታ ያገኘው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ቀደም ባሉት የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተጻፉ ደብዳቤዎች በዚህም አይነበቡም፣ የተጻፉበት ፎንት ራሱ ይፈለጋል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ያለው ቢሮ አሮጌው ኮምፒውተር ሳይሞት ወደ ዩኒኮድ ቢያስለውጠው ደግ ነው።